የእናቴ ቤት ቴራዞ ላይ ኢንጂነርድ ፓርኬ ማልበስ፦ ከክረምት በፊት ወይስ በኋላ?

የጎዛምን ልጅ (ግንቦት 14)

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለውን የእናቴን ቤት ላድስላት ተነሥቻለሁ። ሳሎኑ በድሮ ጊዜ የፈሰሰ ቴራዞ ነው፤ ወርዱ 4.45 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር። እናቴ እግሯን ያማታል፤ ክረምት ሲመጣ ብርዱ ከወለሉ እየተነሣ አላስቀምጥ ይላታል። ምንጣፍ ብናነጥፍላትም ነሐሴ ላይ ስናነሣው ከሥሩ ሻግቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ቴራዞውን ሳናፈርስ ላዩን ኢንጂነርድ ፓርኬ ልናለብሰው አሰብን። ያየሁት ዕቃ ጠቅላላ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነው፤ ላዩ 3 ሚሊሜትር ኦክ የሚባል እንጨት፣ ሆዱ ኮምፔርሳቶ፣ ስፋቱ 19 ሴንቲ፣ ጎን ለጎን የሚቆላለፍ።

ያነጋገርኩት ባለሙያ "ከፓርኬው ሥር የሚገባውን ስፖንጅ ዘርግተን እንገጥመዋለን፣ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል" ይላል። ወንድሞቼም ከክረምት በፊት ይለቅ ባዮች ናቸው። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። እስቲ ንገሩኝ፦ በክረምት መዳረሻ ይነጠፋል ወይ? የሳሎኑ በር ብረት ነው፣ ከወለሉ ጋር ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም፣ ምን ይበጀዋል? የእናቴ መኝታ ቤት ደግሞ ሲረግጡት ከሥሩ ባዶ የሚል የጣውላ ወለል ነው፤ እሱም ላይ ይነጠፋል ወይ?


አናጢ ዘማርቆስ (ግንቦት 14)

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ያልጠየቅሽው ላይ ነው። ምንጣፉ ከሥሩ ይሻግታል አልሽ። ምንጣፍ ያሻገተ ወለል ፓርኬም ያሻግታል። ምንጣፉን አንሥተሽ ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ፤ ፓርኬውን ማን ያሰጣዋል?

እርጥበቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከመሬት በኮንክሪቱ አልፎ የሚወጣ ነው፣ ወይ የቤቱ ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ቴራዞ ላይ ሲያርፍ የሚያላብ ነው። መለያው ቀላል ነው። ንጹሕ ላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጪ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ቴፕ አየር እንዳያስገባ አርጊና ወለሉ ላይ ለጥፊው። ቢያንስ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይቆይ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቢሆን ይሻላል። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ወይም ቴራዞው ከጠቆረ ከመሬት ነው። ከላስቲኩ ላይ ከሆነ ከቤቱ አየር ነው። አንድ ቦታ ብቻ እንዳትሞክሪ፦ መሐሉን፣ የውጭ ግድግዳውን ሥር፣ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ሥር ለየብቻ ሞክሪ።

ግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካለም ጻፊልኝ። ደግሞ በመዶሻ እጀታ ቴራዞውን እያንኳኳሽ ዙሪ። ባዶ የሚል ቦታ ካለ ከሥሩ ለቋል ማለት ነውና በኖራ ምልክት አድርጊበት። ያ ሁሉ ሳይታይ "ሰኔ ሳይገባ ያልቃል" የሚል ሰው ስለ ወለልሽ ምንም አልነገረሽም።


ጣና ዳር (ግንቦት 15)

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ሙያዬ ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ የምሠራው ባሕር ዳር ነው።

የመሬት ወለል በአገራችን በአብዛኛው የሚሠራው 25 ሴንቲ ያህል ድንጋይ ተደልድሎ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ኮንክሪት ፈስሶ፣ ከዚያ ስክሪድ (መደልደያ ሲሚንቶ) እና ማልበሻው ተከትሎ ነው። ከኮንክሪቱ ሥር ላስቲክ ካልገባ የመሬቱ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ በእንፋሎት መልክ ወደ ላይ ይተነፍሳል። ቴራዞ ጠንካራ ስለሆነ የማያስተላልፍ ይመስላል እንጂ ያስተላልፋል። ክፍት ሆኖ ሳለ እንፋሎቱ ወደ ቤቱ ወጥቶ ስለሚበተን አይታወቅም። ምንጣፍ ስታነጥፊበት መውጫ ያጣል፤ ሻጋታው የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እየተስተካከለ የሚኖር ነገር ነው። የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ሲሆን የእንጨቱ የውስጥ እርጥበት ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ 50 ሲሆን ወደ 9፣ 80 ሲሆን ወደ 16 ይደርሳል። ኢንጂነርድ ከፋብሪካ የሚወጣው ከ6 እስከ 9 በመቶ አካባቢ ሆኖ ነው። የጎጃም በጋና ክረምት ደግሞ ያን ሁሉ ልዩነት በአንድ ዓመት ውስጥ ያሳዩታል። ኢንጂነርድ ከወጥ ጣውላ የሚሻለው የኮምፔርሳቶው ንብርብሮች አቅጣጫቸው ስለሚጠላለፍ አንዱ ሌላውን ከመስፋት ስለሚይዘው ነው። እንቅስቃሴው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከሥር እርጥበት፣ ከላይ ደረቅ አየር ሲያገኘው የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወለሉ ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ጥርስ ጥርስ ይላል።

ከስፖንጁ ሥር 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ መግባት አለበት። መጋጠሚያው 20 ሴንቲ ይደራረብና በቴፕ ይታሸጋል፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፋል። ነገር ግን ላስቲክ የሚያግደው እንፋሎትን ነው። የሚፈስ ውሃ ካለ፣ ማለትም የቱቦ ቀዳዳ ወይም ከውጭ የሚሰርግ ዝናብ፣ መፍትሔው ላስቲክ ሳይሆን ምንጩን ማድረቅ ነው።

ስለ ጊዜው የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ይህን ክረምት አሳልፉት። አሁን ግንቦት ላይ የምትሞክሩት ላስቲክ ደርቆ ቢገኝ የሚነግራችሁ የበጋውን ወሬ ነው።


ዳሞት (ግንቦት 15)

ፍኖተ ሰላም ነኝ። እኔ ሚያዝያ ላይ አስነጥፌ ክረምቱ አልፎበታል፣ ምንም አልሆነም። ከክረምት በፊት ማስነጠፍ ችግር የለውም ባይ ነኝ።

ግን ሌላ ነገር ልበል፣ እህቴ እንዳትቀየሚኝ። ያ ቴራዞ እኮ ትልቅ ሀብት ነው። የዛሬ ሰው በዚያ ትዕግሥት ድንጋዩን መርጦ፣ አፍስሶ፣ በማሽን ፈጭቶ አይሠራልሽም። አስፈጭቶ አስወልውሎ እንደገና ማብራት ይቻላል፣ ወጪውም ከፓርኬ ጋር አይገናኝም። ለእናትሽ እግር ደግሞ መቀመጫቸው ዙሪያ ጥሩ የበግ አጎዛ ይበቃል። በደንብ አስቢበት።


የጎዛምን ልጅ (ግንቦት 16)

ዳሞት ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም፤ እውነትህን ነው። አባታችን ያስፈሰሰው ስለሆነ ለእኔም ያሳዝነኛል። እናቴ ግን ከአጎዛው ተነሥታ ጓዳ ስትሄድ፣ ደጅ ስትወጣ፣ ሁሉ ነገሯ ያ ወለል ላይ ነው። ማፍረስ አልፈልግም፤ ማልበስ ነው የምፈልገው። ለዚህ ነው በኮላ ይለጠፍ የሚለውን ሐሳብም የፈራሁት።


አናጢ ዘማርቆስ (ግንቦት 16)

ኮላውን መፍራትሽ ልክ ነው። ለዓመታት ሰም የጠጣ ቴራዞ ኮላ አይዝም። እንዲይዝ ከተባለ ላዩ በማሽን መፋቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ቴራዞው ሄደ ማለት ነው። የአንቺ ዕቃ የሚቆላለፍ ስለሆነ ከወለሉ ጋር ሳይያያዝ ተንሳፍፎ ይቀመጥ። ነገ ልጆችሽ "ቴራዞውን እንይ" ቢሉ ከአንድ ጥግ ጀምረው ይፈቱታል፣ ቴራዞው እንዳለ ያገኙታል።

ዳሞት ያነሣውን የጊዜ ነገር ግን በቀላሉ አላልፈውም። ሚያዝያ ላይ እንጨቱ በዓመቱ ውስጥ ከሚጠብበት ጊዜ አንዱ ነው። ያን ጊዜ የተነጠፈ ወለል ነሐሴ ላይ ይሰፋል። መሄጃ ካለው ምንም አይሆንም፤ የዳሞት ባለሙያ ዙሪያውን በቂ ክፍተት ትቶለት ይሆናል። ቡሬ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ያየሁት ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጣብቆ የተገጠመ ነበር። በክረምቱ መሐል ሳሎኑ መሐል ተነሥቶ ድንኳን ሠርቷል፤ ሲረግጡት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይነሣል። ዞኮሎውን (የግድግዳውን ሥር ማልበሻ) ነቅለን ዙሪያውን በመጋዝ ስንቆርጥለት ራሱ ተኛ።

ስለዚህ ቤቱ ደረቅ ከሆነና ዙሪያው 15 ሚሊሜትር ክፍተት ከተተወለት ግንቦትም ላይ ቢሆን እኔ እነጥፋለሁ። ጣና ዳር በዚህ አይስማማ ይሆናል። በዚህች ቤት ግን፣ ምንጣፉ ሻግቶባታልና፣ እኔም ብሆን አልቸኩልም።


ጣና ዳር (ግንቦት 16)

ጋሼ፣ በክፍተቱ እንስማማለን። የማልስማማው በዓመቱ ደረቅ ጫፍ ላይ መንጠፉ ላይ ነው። በደረቁ ጫፍ ካነጠፉት ክረምት ላይ የሚሰፋው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይደመራል። በእርጥቡ ጫፍ ነሐሴ ላይ ካነጠፉት ደግሞ የካቲት ላይ መጋጠሚያው ይሳሳል። የሚሻለው መካከሉ ነው፦ ዝናቡ ወጥቶ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር። ያን ጊዜ እንጨቱ ወደ ሁለቱም ወገን የሚሄድበት እኩል ይቀርለታል። ላስቲኩም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሞክሮ የከፋው ታይቷል ማለት ነው።


እናት ዘሞጣ (ግንቦት 17)

እቴ፣ ወንዶቹ ስለ እርጥበት ተናገሩ፤ እኔ ስለ አኗኗሩ ልንገርሽ፣ እንጨት ወለል ይዤ እየኖርኩ ነውና።

የመጀመሪያው ጉዝጓዙ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እርጥብ ቄጤማ በቀጥታ ፓርኬ ላይ ጎዝጉዘሽ ካደረ፣ ውሃው በመጋጠሚያው ይገባል። ለእናትሽ "ቄጤማ አይጎዘጎዝም" ማለት ደግሞ በዓሉን መንጠቅ ነው። እኔ የማደርገው መጀመሪያ ሸራ፣ በላዩ ሰሌን፣ ከዚያ ቄጤማውን በተን ማድረግ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ሁሉንም ጠቅልዬ አወጣለሁ። ሁለተኛው ከሰል ነው። ምድጃው ሥር ሰፊ ትሪ ወይም የተረፈ የሴራሚክ ንጣፍ ይኑር፤ አንድ ፍም ከወደቀ ኦኩን ያከስለዋል። ሦስተኛው አጠባብ ነው። ቴራዞ የለመደች ሠራተኛ ባልዲ ደፍታ በመግፊያ ትገፋዋለች። እንጨቱ ላይ ግን በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ነው የሚያልፈው። ይኼን ቀድመሽ ቤቱ ላሉት ሁሉ አስረጂ።

ዕቃውን ስትገዢም ተጠንቀቂ። ለእኔ አንድ ሱቅ እውነተኛ እንጨት ነው ብሎ የሸጠኝ ላሚኔት ሆኖ ተገኝቷል። ካርቶኑን አስከፍተሽ የጣውላውን ጠርዝ እዪ። የአንቺ ዓይነት ከሆነ ላዩ ላይ የእንጨት ሽፋኑ 3 ሚሊሜትሩ በዓይን ይለያል፣ ከሥሩ የኮምፔርሳቶው ንብርብር ይታያል። ላሚኔት ግን ሆዱ አንድ ወጥ የተጠቀጠቀ ዱቄት ነው፣ ላዩ የወረቀት ሥዕል። ከካርቶኑ ብዙ ጣውላ አውጥተሽ ደርድሪ፤ አንድ ዓይነት ጉጥ በተለያየ ጣውላ ላይ ደጋግመሽ ካየሽ የታተመ ነው። ላሚኔት መጥፎ ነው አልልም፣ ለልጆች ቤት እንዲያውም ጭረት ይችላል። ግን በእንጨት ዋጋ አይገዛም።


የጎዛምን ልጅ (ግንቦት 22)

እግዜር ይስጥልኝ እናንተዬ። የተባልኩትን አደረግሁ። መሐሉ ደርቆ ተገኘ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሥርም ደረቅ ነው። በጀርባ በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ ሥር ግን ገና ዝናቡ ሳይበረታ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ተኝቷል፣ ቴራዞውም ጠቁሯል። ጋሼ ያሉት ነጭ ጨው እዚያው ግድግዳ ላይ ከዞኮሎው ከፍ ብሎ አለ። ባዶ የሚል ቦታ አላገኘሁም። ባለሙያውን "እስከ ጥቅምት ቆይ" አልኩት።

ሌላ የገረመኝ፣ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ ሳሎኑ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ፓርኬው ያጋድላል ማለት ነው?


ጣና ዳር (ግንቦት 22)

ማዘቅዘቁ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በድሮ ጊዜ ወለል ሲታጠብ ውሃው ወደ በረንዳ እንዲወጣ ነው። ፓርኬ ማዘቅዘቅ አይጎዳውም። የሚጎዳው ጉድጓድና ጉብታ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ስታጃ በየአቅጣጫው አስተኝተሽ ከሥሩ ያለውን ብርሃን እዪ፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሚከፍት ቦታ ካለ ጉድጓዱ በመደልደያ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ጉብታው በግራይንደር ይፈጫል። ያ ሳይደረግ ከተነጠፈ በእያንዳንዱ እርምጃ መቆላለፊያው ይታጠፋል፣ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ከዚያ ምላሱ ይሰበራል። "ወፍራም ስፖንጅ ጉድጓዱን ይሞላዋል" የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም ይብሰዋል፣ ሲረገጥ ይበልጥ ይሰምጣልና። ስፖንጁ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ጠንከር ያለ ይሁን።

ጀርባውን ግን ከውጭ ዙረሽ እዪው። አሸንዳው የት ይወርዳል? የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል ወይ?


አናጢ ዘማርቆስ (ግንቦት 23)

ስለ መኝታ ቤቱ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ከሥሩ ባዶ የሚል ጣውላ ወለል በተራራቁ ወራጆች ላይ የተመታ ነው፤ ከሥሩ አየር አለ። ከውጭ በመሠረቱ ግድግዳ ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ ፈልጊያቸው። በአፈር ወይም በተክል ከተዘጉ ክፈቺያቸው፣ የዚያ ወለል ሳንባው እነሱ ናቸው።

እንዲህ ያለ ወለል ላይ ፓርኬ ከተነጠፈ ሕጉ ከቴራዞው ይለያል። ጠንካራ ላስቲክ ከላዩ አይዘረጋም፤ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት አሮጌው ጣውላ ውስጥ ያፍነዋል፣ ጣውላውም ይበሰብሳል። የሚተነፍስ ስፖንጅ ወይም ወረቀት ነው የሚገባው። የላሉት ጣውላዎች ወራጁ ላይ በቪስ ይታሰራሉ፣ አዲሱ ፓርኬ ከአሮጌው ጣውላ ጋር መስቀለኛ ይሄዳል፣ የሚርገበገብ ከሆነም በመሐሉ ኮምፔርሳቶ በቪስ ይመታል። ከሁሉ በፊት ግን ምስጥ። በማእዘኖቹ መሮ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊ፤ እየሰመጠ ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል፣ ያን ሸፍኖ ማለፍ ሕመምን መደበቅ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከአልጋው ሥር፣ ማንም የማያየው ቦታ፣ ትንሽ በመላጊያ ፍቂና አሽትቺ። ምን ይሸታል? ቀለሙስ?


እንጅባራ (ግንቦት 23)

ጥያቄ አለኝ፣ ክሩን እየተከታተልኩ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ከማርቆስም ይረዝማል፣ ብርዱም አለ። ሳሎኔ ሴራሚክ ነው። ለእኛ አገርስ ይሆናል?


ጣና ዳር (ግንቦት 23)

ይሆናል፤ ከእኛ አገር የሚብሱ ቀዝቃዛና እርጥብ አገሮች ውስጥም ይኖራል። ሴራሚክ እንደ ቴራዞው ነው፦ የላላ ንጣፍ ካለ ይለጠፍ፣ የመገጣጠሚያው ጉድጓድ ሰፊ ከሆነ ይሞላ፣ ከዚያ ላስቲክና ስፖንጅ። እርስዎ ጋ የሚለየው ቤቱን ማናፈስ ነው። መስኮት ዘግቶ ከሰል እያነደዱ ምግብ የሚበስልበት ቤት ውስጥ አየሩ ራሱ ይረጥባል፣ የከሰሉም ጭስ ለሰው አደገኛ ነው። ቀን ቀን መስኮት ይከፈት።


የጎዛምን ልጅ (ነሐሴ 20)

ሰላም ናችሁ? በክረምቱ መሐል የሆነውን ልንገራችሁ። ጣና ዳር ወንድሜ እንዳለው ጀርባውን ስዞረው የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከወገቡ ተሰብሮ፣ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። በላዩ እናቴ ጤና አዳምና ጌሾ የተከለችበት አፈር ከወለሉ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ቱቦውን ለወጥን፤ ውሃውን በቦይ ወደ መንገዱ መራነው፤ አፈሩን ዝቅ አድርገን ግድግዳው ሥር ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ሲሚንቶ አፈሰስንበት። ጌሾው ወደ አጥሩ ተዛወረ፣ እናቴ ራሷ ናት ቦታውን የመረጠችለት።

ሰሞኑን በዚህ ዝናብ ላስቲኩን እንደገና ለጠፍኩ። መሐሉ አሁንም ደረቅ። ጀርባው ግድግዳ ሥር ጠብታ የለም፣ ቴራዞው ግን ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ልቀጥል?

ስለ መኝታ ቤቱ፣ ጋሼ፣ ፍቄ አሸተትኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እናቴ "ጥድ ነው እንጂ ምን ሊሆን ኖሯል" አለችኝ። ቀለሙ ቀላ ያለ ነው። መሮውም አልገባም።


አናጢ ዘማርቆስ (ነሐሴ 20)

ጠርጥሬ ነበር። የሐበሻ ጥድ ከሆነ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ የኖረውም ለዚያ ነው። እህቴ፣ እሱ ላይ ምንም እንዳታለብሺ። የላላውን አስሪ፣ ምስማሩን በመዶሻ ዝቅ አድርጊ፣ በማሽን አስልጊና ዘይት አጠጪው። ለእንጨት ወለል የሚሆን ዘይት ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አይሁን፤ ሽማግሌ ሰው በካልሲ ሲሄድ ያንሸራትታል። የዚያ ክፍል ወለል ከምትገዢው ኦክ ይበልጣል፣ እየሸነገልኩሽ አይደለም። ለመኝታ ቤቱ ያሰብሽው ገንዘብ ተረፈሽ።


ጣና ዳር (ነሐሴ 21)

ግድግዳው የጠጣው ውሃ በአንድ ወር አይወጣም። ምንጩ ቆሟል፤ አሁን ጊዜ ስጪው። መስከረምና ጥቅምትን ምንጣፉን ሁሉ አንሥተሽ፣ መስኮት ከፍተሽ አናፍሺው። የልስንና የቀለም ሥራ ካለ አሁን ይለቅ፤ ልስን ብዙ ውሃ ነው ወደ ቤቱ አየር የሚተፋው፤ ፓርኬው ገብቶ ሳለ መሆን የለበትም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ላስቲኩን ለሦስተኛ ጊዜ ለጥፊ። ንጹሕ ከሆነ ዕቃውን አስጭኚ።


የጎዛምን ልጅ (ጥቅምት 28)

ንጹሕ ነው! ጀርባውም፣ መሐሉም። ስታጃውም ከአንድ ቦታ በስተቀር ጥሩ ነው፤ እሱን ሞላነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በነገው መኪና ይጫናል። አነጣጠፉን ንገሩኝ፣ ባለሙያው ሲሠራ እኔ ቆሜ አያለሁ።


አናጢ ዘማርቆስ (ጥቅምት 28)

መቆምሽ ጥሩ ነው። እንግዲህ ስሚኝ።

ካርቶኖቹ በአባይ በረሃ ሙቀት ወርደው ወደ ደጀን ብርድ የወጡ ናቸውና እንደደረሱ እንዳይከፈቱ። ሳሎኑ ውስጥ ራሱ፣ መሬት ሳይነኩ፣ ጠፍጣፋ ተኝተው ሁለት ሦስት ቀን ይደሩ። ግድግዳ ላይ አስደግፈው እንዳያቆሟቸው፣ ይጎብጣሉ። ክፍልሽ 26.7 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጩ 10 በመቶ ጨምረሽ 29.5 ካሬ ያህል ካለ ይበቃል። ሲነጠፍ ከሦስት አራት ካርቶን እያቀላቀሉ ይሁን፣ የእንጨቱ ቀለም ከካርቶን ካርቶን ይለያያል።

ጣውላው በቁመቱ፣ በ6 ሜትሩ በኩል ይሂድ፤ ከትልቁ መስኮት የሚገባው ብርሃን በዚያው ከሆነ መጋጠሚያው አይታይም። አሁን ስሌቱን ያዢ። ወርድሽ 4 ሜትር ከ45 ነው። በሁለቱም ወገን 12 ሚሊሜትር ክፍተት ሲተው 4426 ሚሊሜትር ይቀራል። በ190 ስታካፍይው 23 ሙሉ ረድፍ ይወጣና 56 ሚሊሜትር ይተርፋል። ችኩል ሰው ከአንዱ ግድግዳ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ያችን ቀጭን ቅራፊ ይሰካታል፤ ቅራፊዋ አትይዝም፣ ዓይንም ትወጋለች። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ረድፍ 123 ሚሊሜትር አድርጎ መቁረጥ፣ በመሐሉ 22 ሙሉ ረድፍ። ሁለቱም ግድግዳ ጋ እኩል ይታያል። ግንቦት ላይ 15 ያልኩሽ በደረቁ ወቅት ለሚነጠፈው ነው፤ ለኅዳሩ 12 ይበቃል።

ክፍተቱ እንዲጠበቅ በየግድግዳው ሽብልቅ ይግባ፣ ሲያልቅ ይውጣ። ሽብልቁ ተረስቶ ከቀረ ክፍተቱ የለም ማለት ነው። የጎረቤት ረድፎች የጫፍ መጋጠሚያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ይራራቅ። ጣውላውን በመዶሻ በቀጥታ የሚመታ ካየሽ አስቁሚው፤ በመሐል የእንጨት ቁራጭ ይግባ።

የቴራዞው ዞኮሎ ከግድግዳው ጋር የፈሰሰ ስለሆነ አይነቀልም። ክፍተቱን በቀጭን የእንጨት ዘንግ ሸፍኚው። ዘንጉ በኮላ የሚያዘው ከዞኮሎው ጋር ነው፣ ከፓርኬው ጋር ከተያያዘ ወለሉን ቸነከርሽው። ትልቁ ቡፌ አንድ ግድግዳ ላይ ቢቆም ግድ የለም፤ ወለሉን ግን በቪስ የሚበሳ ምንም ነገር አይግባ።

በሩ፦ 14 እና 2 ስንደምር 16 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፣ ለማለፊያ ጥቂት ጨምረሽ ወደ 2 ሴንቲ ከበሩ ሥር ይቆረጣል። ከማጠፊያው ወርዶ፣ ውጭ በግራይንደር ተቆርጦ፣ ሥሩ በብረት እንደገና ይበየድ። ይህ ሁሉ ፓርኬው ሳይከፈት ይለቅ፤ የግራይንደር ብልጭታ የኦኩን ገጽ ይበሳዋል።


እናት ዘሞጣ (ጥቅምት 28)

በሩ ከሚቆረጥ፣ መግቢያው ላይ አንድ ሜትር ቴራዞውን እንዳለ መተውስ? ጫማ ማውለቂያ ይሆናል፣ ጭቃውም እዚያው ይቀራል። እኔ ቤት እንዲያ ነው።


የጎዛምን ልጅ (ጥቅምት 29)

እትዬ፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እናቴ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ ሳሎኑ መሐል 16 ሚሊሜትር ደረጃ ቢኖር ከዘራዋን ያደናቅፋታል ብዬ ፈራሁ። በሩን አስቆርጠዋለሁ። ወደ ኮሪደሩ በሚያወጣው በር ላይ ግን ደረጃው መኖሩ አይቀርም፤ እዚያ ተዳፋት ያለው ማሰሪያ ዘንግ አስገባለሁ።


የጎዛምን ልጅ (ኅዳር 19)

ተነጠፈ። ባለሙያው መጀመሪያ ላይ በስሌቱ ተከራክሮኝ ነበር፤ መጨረሻው ረድፍ ሲገባ ግን ቆሞ አይቶ "እውነትም" አለ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን በካልሲ ከወንበሯ እስከ ጓዳ ሄዳ ተመለሰች፤ ትላንትም ቡና ያፈላችው ከወትሮው ቦታዋ ወረድ ብላ ነው፣ ምድጃው ሥር ትልቁን ትሪ አድርጋ። የጥዱ ወለልም ዘይቱን ጠጥቶ ቀላ ብሏል፤ መኝታ ቤቱ እስካሁን ይሸታል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ የተረፈኝ አንድ ካርቶን ሙሉና ግማሽ ነው። ሱቁ ሙሉውን እመልስልሻለሁ ይላል። ልመልሰው?


አናጢ ዘማርቆስ (ኅዳር 19)

አትመልሺው። ነገ አንድ ጣውላ ቢቃጠል ወይም ቢሰበር ያው ቀለምና ያው መቆላለፊያ ያለው ሌላ ካርቶን አታገኚም፤ ፋብሪካዎች መቆላለፊያውን ይለዋውጣሉ። ጋራዥ ወይም ቆጥ ላይ ግን እንዳታስቀምጪው። እዚያው ቤት፣ አልጋ ሥር ጠፍጣፋ አስተኝው፤ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት አየር ይጠጣ።